በባዶው ቅጽ ላይ

ከዱቄት ፋብሪካው፣ ጥር 14

ይድረስ ለፕሮፌሰር፣

እንደምን ከርመዋል? ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሳንጠያየቅ ቆይተን ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ፖስታውን ሳልከፍት ግማሽ ቀን በጋዋኔ ኪስ ይዤው ዞርኩ። የሥራ ባልደረባዬ «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ?» እያለች ስትስቅብኝ ዋለች። አድራሻዬን የሰጡዎት የላብራቶሪው ቁልፍ ያዥ መሆናቸውን ገምቻለሁ። አልተቀየምኳቸውም፣ ደግ ሰው ናቸው።

ምን ትሠሪያለሽ ብለዋል። ፋብሪካው የጥራት መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነኝ። መኪና ስንዴ ጭኖ ሲመጣ ከየጆንያው ናሙና እወስዳለሁ፣ እርጥበቱን እለካለሁ፣ ከበዛ መልሱት እላለሁ። ሾፌሮቹ «እቴጌ እርጥበት» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ፊት ለፊቴ አይሉትም፣ ግን ይሰማል።

እናትሽስ ብለዋል። እናቴ ደህና ናት። እስከ ዛሬ ዶክተር እንደሆንኩ ነው የምታውቀው። የዚያን ቀን ቤት ስገባ በር ላይ ቆማ «ዶክተሬ!» ብላ ስታቅፈኝ አፌ ተሳሰረ፣ በዚያው ቀረ። ጎረቤት የሚያስለውን ልጅ ሁሉ ይዞ ይመጣል። «ኧረ የኔ ዶክተርነት የስንዴ ነው» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። የስንዴም እንዳልሆንኩ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝና ጓዳ ገብቼ ፊቴን እታጠባለሁ።

ስለ ጡረታዎ መጽሔት፦ የቀድሞ ተማሪዎችዎ ስለ እርስዎ አንድ አንድ ገጽ እንደሚጽፉ፣ የኔም ቢጨመር ደስ እንደሚልዎት ገልጸዋል። እውነቴን ነው፣ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ስለ ሥራዬ ፊት ለፊት ተቀምጠን ያወራንበትን ጊዜ ብደምረው ሁለት ሰዓት ተኩል መጣ። ከዚያም ውስጥ አርባ ደቂቃው እርስዎ ስልክ ሲያወሩ እኔ መስኮት ሳይ ነው ያለፈው። አንድ ገጽ አይሞላም ፕሮፌሰር። ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔን ይለፉኝ።

የቀድሞ ተማሪዎ


ከቢሮዬ፣ ጥር 29

ለውድ ተማሪዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ደህና መሆንሽን በማወቄ ተደስቻለሁ፣ ለእናትሽም ሰላም በዪልኝ። ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሽው ቁራጭ ወረቀት ለጠየቅሽኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ለመጽሔቱ የሚጽፉትን ሰዎች ዝርዝር ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ ያንቺንም ስም በእጄ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደጨመርኩት ግን ስታስጨንቂኝ መልሱ ጠፋኝ። ሁሉም ሲጽፍ አንቺ ብትቀሪ ሰው ልብ ይላል ብዬ ይሆናል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ማለትሽ ትንሽ አልበዛም? በዚያን ጊዜ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነበርኩ። አሥራ አራት ተማሪ አማክር ነበር። ስብሰባ ስብሰባን ይወልድ ነበር፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ያመጣሽልኝን ምዕራፍ ሁሉ ተቀብያለሁ፣ አንዱንም አልጣልኩም፣ ሁሉም ላይ «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ብዬ ጽፌያለሁ። ያ ማበረታቻ ነበር። ሰው ሲበረታታ ይሠራል ብዬ ነው የማምነው።

በዲፌንስሽ ዕለት፣ የዶክትሬት ጥናትሽን ለፈታኞች ባቀረብሽበት ቀን፣ የሆነው ለሁላችንም አሳዛኝ ነበር። ናሙና ታደርቂበት የነበረውን ኦቨን ነገር በቃል ሳልነግርሽ አልቀረሁም መሰለኝ። ምናልባት ረስተሽው ይሆናል፣ ምናልባትም እኔ ረስቼው ይሆናል፣ ይህን ያህል ዓመት ቀላል አይደለም። ችላ ያልኩሽ ከመሰለሽ ይቅር በዪኝ። የድጋፍ ደብዳቤ ካስፈለገሽ ዓይኔን ሳላሽ እጽፍልሻለሁ። ብቻ ምን እንደምትፈልጊ በግልጽ ንገሪኝ።

አማካሪሽ


ከፋብሪካው፣ የካቲት 11

ፕሮፌሰር፣

ዛሬ ሰላምታውን ይለፉኝ። «አማካሪሽ» ብለው ፈርመዋል፣ እሱንም አልፌዋለሁ። «ረስተሽው ይሆናል» የሚለውን ግን ማለፍ አቃተኝ።

የማስታውሰውን ልንገርዎት። ዓመቱ ሲጀመር ሁላችንም ቢሮዎ ደጃፍ እንሰለፍ ነበር። በእያንዳንዳችን እጅ አሥራ ሁለት የክትትል ቅጽ አለ፣ ለየወሩ አንድ። ተማሪና አማካሪ በወሩ ምን እንደተነጋገሩ የሚጻፍበት ነው። ቀኑ ባዶ፣ የምክሩ ቦታ ባዶ። እርስዎ ከታች ይፈርማሉ፣ እኛ ከጎንዎ እንፈርማለን። «በሉ ዓመቱን ሙሉ ተገናኘን፣ ደህና ሁኑ!» ይሉን ነበር። እንስቅ ነበር። ከሁሉም ጮክ ብዬ የምስቀው እኔ ነበርኩ። ትምህርት ክፍሉ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚሠራው፣ ነውር ነው ያለ አልነበረም።

ዲፌንስ ላይ የውጭው ፈታኝ «በአሥራ አንድ ከመቶ እርጥበት ስንዴ ሻገተ ትያለሽ። ይህን ያህል የደረቀ ስንዴ ሲሻግት አይቼ አላውቅም። ያደረቅሽበት ኦቨን ትክክል መሆኑን በምን አረጋገጥሽ?» አለኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት እርስዎ «ኦቨኑ እንደሚዋሽ ነግሬያት ነበር» አሉ። ኦቨኑ ብልሹ መሆኑን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። የኅዳር ወር ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋልኝ። ባዶ በነበረው ቦታ «አራት ቁጥር ኦቨን ብልሹ መሆኑ ተነግሯታል፣ ልኬቶቹን በሙሉ እንድትደግም ታዝዛለች» ይላል። ከታች የሁለታችን ፊርማ። ፊርማዎቹ ሰማያዊ ናቸው፣ በተሰለፍንበት ዕለት እስክሪብቶዎ ጠፍቶ የኔን ተውሰው ነበር የፈረሙት። ጽሑፉ ግን አረንጓዴ ነው። በትምህርት ክፍሉ ከእርስዎ ሌላ በአረንጓዴ ቀለም የሚጽፍ ሰው አላውቅም። ማንም አላስተዋለም፣ ወይም ያስተዋለ ዝም አለ። «ይህ ፊርማሽ ነው?» ተባልኩ። «አዎ ነው» አልኩ። ምን ልበል? «እኔ ባዶ ወረቀት ላይ የምፈርም ሰው ነኝ» ልበል? መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የታዘዘችውን ሳትፈጽም የቀረች፣ የውጤቷን ስህተት የደበቀች ተብዬ ተሰናበትኩ።

ምን ትፈልጊያለሽ ላሉት፦ የድጋፍ ደብዳቤ አልፈልግም። ደንቡ፣ አማካሪው እውነቱን በእጁ ጽፎ ከመሰከረ የተዘጋ መዝገብ በሰባት ዓመት ውስጥ ይከፈታል ይላል። ሰባት ዓመቱ የሚሞላው ዘንድሮ ሰኔ 30 ነው። እርስዎም በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ፣ ከወጡ በኋላ ፊርማዎ አይሠራም። ፋብሪካው ደህና ኦቨን አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ናሙና እያስገባሁ በምሳ ሰዓቴ እየመዘንኩ ሥራውን እንዳለ ደግሜዋለሁ። ስንዴው እንደ ማንኛውም ስንዴ ነው፣ የሚሻግተው ከአሥራ አራት በላይ ሲሆን ነው። ሥራው አለ። የጎደለኝ ቆሜ የማስረዳበት መብት ብቻ ነው፣ እሱም በእርስዎ እጅ ነው።


ከቤቴ፣ መጋቢት 8

«ልጄ» ብዬ ልጀምር ነበር፣ አፈርኩ። «ተማሪዬ» ማለትም አልቻልኩም። ሳልጠራሽ ልቀጥል።

አዎ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዲፌንሱ ካለፈ በኋላ ሐሙስ ቀን ከምሳ በፊት ነበር። ለጸሐፊዋ ስብሰባ ላይ ነኝ በዪ አልኳት፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ጻፍኩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ ስልበት ትዝ ይለኛል። ዲፌንሱ ላይ ያንን የተናገርኩት ፈታኙ ወደ እኔ ዞሮ ሲያየኝ ደንግጬ ነው። ከዚያ ወዲያ ያንን ለማጽናት ሌላ፣ ሌላውን ለማጽናት ሌላ ሆነ። ባለፈው ደብዳቤዬም «ረስተሽው ይሆናል» ብዬ በዓይን አውጣነት የጻፍኩልሽ እኔ ራሴ ነኝ።

ኦቨኑን በተመለከተ፦ አንቺ ከመምጣትሽ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ቁልፍ ያዡ «መቶ አምስት ዲግሪ ይላል እንጂ ውስጡ ዘጠናም አይሞላም፣ እርጥበቱን ሁሉ ስለማያወጣ ልኬቱን ዝቅ ያደርጋል» ብሎ ነግሮኛል። እስኪጠገን ወረቀት ለጥፍበት አልኩት። ክፍሉ ቀለም ሲቀባ ወረቀቱ ተነሣ። አንቺ ስትጀምሪ ደግሞ መጥቶ «ለአዲሷ ልጅ ይንገሯት» አለኝ። እሺ ነገ አልኩት። ከነገ ዛሬ ስል አንቺ ጨረስሽ።

ሁለተኛውን ምዕራፍሽን ባለፈው ሳምንት አነበብኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያነበብኩት። ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሽፋኑ ላይ የኔ «ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» አለበት። የመጀመሪያው ገጽ አራተኛ መስመር «ናሙናዎቹ የደረቁት በአራት ቁጥር ኦቨን ነው» ይላል። አራተኛ መስመር! ከበር ወደ ወንበሬ ስሄድ እንኳ ላነበው እችል ነበር። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ስደርስ ግን ምነው ሞቼ ባረፍኩ አልኩ። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «ውጤቱ በጣም ዝቅ አለብኝ፣ ምን ይላሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጠይቀሽኝ ነበር። አላየሁትም።

ባለቤቴ ደብዳቤሽን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አንብባዋለች። «እውነት ነው?» አለችኝ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል ብዬ ተነሣሁ። ቧንቧው ምንም አልሆነም ነበር።

ለኮሚቴው የማቀርበውን ረቂቅ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እንዲያው በድፍረት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ትጠዪኛለሽ? የሚስተካከል ካለም ንገሪኝ።


ከፋብሪካው፣ መጋቢት 21

ፕሮፌሰር፣ እንደምን ሰነበቱ?

ረቂቁን ከነማስታወሻዬ መልሼዋለሁ። በዓረፍተ ነገርዎ ላይ ማስመር ድፍረት ሆኖብኛል። እስካሁን እርስዎ ሲገቡ ከወንበር መነሣት ያለብኝ ይመስለኛል። ቢሆንም ጠይቀውኛልና ልበል።

መጀመሪያ ላይ ያለው «በወቅቱ በነበረው የሥራ ጫና ምክንያት» ይውጣ። የኅዳርን ቅጽ የጻፈው የሥራ ጫና አይደለም። ቀጥሎ «ስህተት ተፈጽሟል» ይላል፤ ማን እንደፈጸመው ይጻፉ። «ምናልባት» የሚል ቃል ሦስት ቦታ አግኝቻለሁ፣ ሦስቱም ይሰረዙ። ስለ ሌሎቹ ተማሪዎች አንድም መስመር የለም። ቢሮዎ ደጃፍ የተሰለፍኩት ብቻዬን አልነበረም፣ አሥራ አራት ነበርን። የነሱ ቅጾች ላይ ምን እንደተሞላ እግዜር ይወቅ።

«ተማሪዋም ጥንቃቄ ጎድሏታል» የምትለዋን ስደርስባት መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩበት፣ እውነት ናት። አርባ ስምንት ባዶ ቅጽ ላይ ፈርሜያለሁ። ውጤቱ ዝቅ ማለቱን ዓይኔ እያየ በእርሳስ አንድ መስመር ጻፍኩና መልስ ጠበቅሁ። መልሱ ሲቀር ደግሜ ልጠይቅዎት አፈርኩ። ስንት ሥራ ያለበትን ሰው ማን ነኝ ብዬ አስቸግራለሁ አልኩ። እርሳስ የተጠቀምኩትም እንዳይቆጡኝ ነው፣ ቢቆጡኝ እንዳጠፋው። ስለዚህ ያቺ ዓረፍተ ነገር ከእርስዎ ደብዳቤ ትውጣና እኔ በራሴ ማመልከቻ ላይ ልጻፋት። የኔን ነውር እኔ ብናገረው ይሻላል።

ትጠዪኛለሽ ላሉት፦ አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን ደግሞ መኪናው ይበዛና እረሳዎታለሁ።

የተስተካከለውን ሳያዩኝ አያስገቡት።


ከቤቴ፣ ሚያዝያ 19

እንደምን ሰነበትሽ?

ገብቷል። ሦስተኛውን ረቂቅ፣ አንቺ «አሁን ሆነ» ያልሽውን ነው ያስገባሁት። የኮሚቴው ሰብሳቢ «ራስዎ ያንብቡት» አለኝ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ፣ «በሩን ቆልፌ ጻፍኩ» የሚለው ጋ ስደርስ አቋረጥኩ። ውሃ ሰጡኝ። ሰብሳቢው የኔው ተማሪ የነበረ ነው፣ ከነዚያ ከሚሰለፉት አንዱ። ቀና ብሎ አላየኝም። «ባዶውን የፈረሙት ስንቱን ቅጽ ነው?» ሲሉኝ «ሁሉንም» አልኳቸው። የአሥራ አራቱንም፣ የሁሉንም ዓመት። አሁን መዝገብ ቤቱ የሁሉንም እያገላበጠ ነው።

ረቂቁን ስትመልሺልኝ «ምን ይደርስብዎት ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መጽሔቱ ቀርቷል። የተሰበሰቡት ገጾች ለየጸሐፊዎቻቸው ተመልሰዋል፣ ሁለቱ ሳይጠየቁ ቀድመው አስመልሰዋል አሉ። የስንብት ዝግጅቱም ቀርቷል። በኮሪደር ሳልፍ ሰው ሁሉ ስልኩ ውስጥ የሚያነበው ነገር ያገኛል። አሁን የማማክራቸው ሦስት ተማሪዎች ወደ ሌላ መምህር ተዛውረዋል። ከዓመታት በፊት ያስመረቅሁት አንዱ ደውሎ «የኔንስ ምን አድርገህበታል?» አለኝ። አንተ ብሎኝ! በሌላ ጊዜ ቢሆን ስልኩን ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። «አላውቅም፣ ያንተንም አላነበብኩትም» አልኩት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ከስድብ ከፋብኝ።

ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ልብስ እያጠፈች «ልጅቷ እናት አላት?» አለችኝ። አላት፣ እስካሁን ዶክተር ናት ብላ ነው የምትኖረው አልኳት። ጥላኝ ወጣች። እንደምታለቅስ ሰማሁ፣ ሄጄ ማባበል ግን አልደፈርኩም።

ይህን የምጽፍልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ትንሽም ቢሆን እንድታዝኚልኝ ነው። ከሰው ሁሉ አንቺን መለመኔ ደግሞ ራሱ ሌላ ውርደት ነው።

የኮሚቴው ደብዳቤ በቅርቡ ይደርስሻል። አንድ ነገር ልለምንሽ። ዲፌንስሽ ቀን ልምጣ። ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አፌን አልከፍትም።


ከፋብሪካው፣ ግንቦት 10

ይድረስ ለፕሮፌሰር፣

ደብዳቤው ደርሶኛል፣ መዝገቤ ተከፍቷል። አዲስ አማካሪ ተመድባልኛለች። በሁለት ሳምንት አራት ጊዜ ተገናኝተናል። ሁለተኛውን ምዕራፍ በቀይ አጥለቅልቃ መለሰችልኝ። «ይህን ከየት አመጣሽው?»፣ «እዚህ ላይ አላመንኩሽም»፣ «ደግመሽ ቁጠሪ» ትላለች። ምሳ ሰዓት ላይ እያነበብኩ ስስቅ ባልደረባዬ «ተሰድበሽ ትስቂያለሽ እንዴ?» አለችኝ። ሰው ሥራዬን አንብቦ ሲጣላኝ የመጀመሪያዬ ነው ብላት አይገባትም ብዬ ተውኳት።

እናትሽ ምን አለች ብለው ባለቤትዎ እንዳስጠየቁኝ በኋላ በላኩልኝ ቁራጭ ወረቀት ጽፈዋል። ይንገሩልኝ። እሑድ ጠዋት አንሶላ እየጨመቅን ነበር፣ አንዱን ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን። ነገርኳት። አንሶላውን እንደያዘች ቆመች። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ «እኔን ፈርተሽ ነው?» አለችኝ። ፈርቼ አይደለም፣ አፍሬ ነው አልኳት። «በኔ ፊት?» አለችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ያን ጊዜ የሰባት ዓመቱ ሁሉ በአንዴ ወረደብኝ። ስታለቅስ፣ ሳለቅስ፣ አንሶላው መሬት ወድቆ ጭቃ ሆነ። ከዚያ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ወዴት ስላት «በኔ አፍ የተነገረውን በኔ አፍ ልመልሰው» አለች። የታመመ ልጅ ያመጡትን ጎረቤቶች በር በየተራ እያንኳኳች «ልጄ ገና ናት፣ ሰኔ ላይ ነው የምትፈተነው፣ እኔ ነኝ የቸኮልኩት» ስትል በመስኮት እሰማ ነበር። ጥፋቴን በራሷ ላይ አድርጋ። መጋረጃ ጀርባ ቆሜ ጣቴን ነከስኩ።

አሁን ወደ ልመናዎ። ስምንት ቀን አሰብኩበት። አይምጡ ፕሮፌሰር።

ቂም ይዛ ነው እንዳይሉ። ምስክርነትዎን ሲያስገቡ ምን እንደከፈሉ አውቃለሁ፣ ላመሰግንዎት ፈልጌ እንዴት እንደሚባል ጠፍቶኝ ነው የቆየሁት። እንግዲህ ይኸው፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን እርስዎ ከኋላ ከተቀመጡ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ዞሬ ፊትዎን ማየቴ አይቀርም። ደህና መለስኩ ወይ ብዬ። አራት ዓመት የለመድኩት እሱን ነው፤ ምንም ሳይነግሩኝ ፊትዎን እያየሁ ሥራዬን መገመት።

ላልፍ እችላለሁ፣ ልወድቅም እችላለሁ። አዲሷ አማካሪዬ ሦስተኛው ምዕራፍ ገና ይቀረዋል ትላለች። ብወድቅ ግን ምን ላይ እንደወደቅሁ አውቀዋለሁ፣ ስህተቱም የኔው ይሆናል፣ ሌላ የማንም አይሆንም። ይሄ ብቻ እንኳ ያስደስተኛል ብልዎት ያምኑኛል? ባለፈው ጊዜ በራሴ ስህተት መውደቅ እንኳ አልደረሰኝም።

ዲፌንሱ ሰኔ 12 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እባክዎን በዚያ ሰዓት ቤትዎ ይሁኑ።